ሰባት ቤት ጎፈሬ

ከማዘጋጃ ቤት፣ ወረድ ብሎ ቁልቁል፣
አንዲት ሱቅ ነበረች፣ ከደረጃው መሐል፤
ስፋቷ ለአንድ ሰው፣ ቁመቷ ለአንድ በር፣
ሰዓት የሚታደስባት፣ ድመት የሚቆጠር።

ቅዳሜ በዘጠኝ፣ ፀሐይ ሲዞርላት፣
አንድ ሁለት እያልን፣ ሱቋን ስንሞላት፣
ጋሽ ወልደየስ አለ፣ ባንድ ዓይኑ ማጉያ፣
ወርቅያንጥፉ መጣች፣ ከዶሮ ማነቂያ፣
ነጠላዋ ውስጥ፣ ሳንባ በፌስታል ይዛ፤
ሹፌሩ አንዳርጌ፣ ደብተር ለኔ ገዛ።
«መዝገብ ቤት ሠርተሻል፣ አንቺ ጻፊ» ሲሉኝ፣
ለወንዶቹ ስም አጣሁ፣ ሴቶቹ በዙብኝ።

ጎፈሬ እንላቸዋለን።
አንገታቸው አንበሳ፣ ጅራታቸው ጭራ፤
በሐምሌ ጨለማ፣ ሰማዩ ሲያጓራ፣
በቆርቆሮ ጣሪያ፣ ተኝተው ያደሩ፣
ጠዋት ተራግፈው፣ ደርቀው የሚዞሩ።
ማን አለበሳቸው፣ ይህን ካልሲ መሳይ፣
የጣት መሐል ጠጉር፣ በኛ አገር ፀሐይ?

ክርክሩ ከዚህ ነው።

ጋሽ ወልደየስ ይላል፦
«አርመኑ ልብስ ሰፊ፣ ሙሴ ሃጎፕ ጥንት፣
ከተራራ አገሩ፣ በረዶ ካለበት፣
አንዲት ግልገል ድመት፣ በኮት ኪሱ ከትቶ፣
ተሰዶ መጣ እንጂ፣ ሌላ ሁሉ ትቶ።»

አንዳርጌ ይስቃል፦ «ባቡር ነው ያመጣት፣
ከስንዴ ጆንያ ጋር፣ ከወደብ ጫኑአት፤
አባቴ ነው ያየው፣ ለገሃር ስትወርድ፣
ያለ ቲኬት መጥታ፣ ያለ ይለፍ ፈቃድ።»

ወርቅያንጥፉ ቀና አትልም፣ ሳንባ እየከተፈች፣
«ምን ባሕር አሻግሮ? የኛው ናት» እያለች፤
«እንጦጦ አድራ አድራ፣ ጠጉሯ ውርጭ ሲጠጣ፣
በዛ እንጂ፣ በመርከብ፣ ማን አየ ሲመጣ?
ደግሞስ ለወለደች፣ አገር ይጠየቃል?»
ዝም እንላለን ሦስታችን። ሰዓቱ ይመታል።

ሦስቱንም ጻፍሁት።
ከዚያ በታች፣ የማንከራከርበትን፦
ሻሽ ጉምን ወለደች፤ ጉምም ዳንቴልን፤
ዳንቴልም፣ በዚያ የነዳጅ ወረፋ ሰሞን፣ ምንጣፍን፤
ምንጣፍ ሐምሌን፤ ሐምሌ ካባን፤
ካባም ባንኮኒን ወለደች፣
ከሰዓቶቹ መሐል መስታወቱ ላይ የምትተኛዋን።
ሰባት ቤት።
አባቶቹ በግንብ ዘለው ሄደዋል።
ከሻሽ በላይ ያለው ቦታ
አንድ ጥያቄ ምልክት ነው።

በመጋቢት ማለቂያ፣ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም፣
ምልክት ሠሩበት፤ ያላየው ሰው የለም።
ለወርቅያንጥፉ ደረሳት፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሁለት አውቶቡስ የሚፈጅ፣ ከፒያሳ ሲርቅ፤
ባንኮኒን በጆንያ፣ ቋጥራ ወሰደቻት፤
ሦስት ሌሊት አለቀሰች፣ በአራተኛው አጣቻት።

በአሥራ ዘጠኝ ቀኗ፣ ሱቁ በሌለበት፣
ከፍርስራሹ ላይ፣ ከበሩ ቦታ ፊት፣
ተቀምጣ አገኛት፣ ጋሽ ወልደየስ ራሱ፣
እሾህና ሲሚንቶ፣ ጠጉሯን ቢወርሱ።
«ምን አልካት?» ብዬ ጠየቅሁት።
«ምን እላታለሁ?» አለኝ።
«ስንት ሰዓት እንደሆነ ነገርኋት።»

አሁን ቅዳሜያችን፣ በአዲሱ እግር መንገድ፣
ካግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከመብራቱ ግንድ፤
መሣሪያው በብስኩት ጣሳ፣
ዘበኛው «መመገብ ክልክል ነው» ሲል፣
አንዳርጌ ሳንባውን ለራሱ የገዛ መስሎ ይቀመጣል።
ባንኮኒ ከሥራችን ናት፤
ሆዷ ውስጥ ስምንተኛው ቤት ይገላበጣል።

ባለፈው አንድ ሰዓት፣ ያለ ምክንያት ቆመ፤
በማጉያው አየና፣ ሳቀና ደገመ፤
ከጥርሱ መሐከል፣ በወረንጦ ጎትቶ፣
አንድ ረጅም ጠጉር፣ ብርሃን ላይ ዘርግቶ፣
«ያዢ» አለኝ።
ያዝሁ።
ቤት ገብቼ በፕላስተር፣
ከጥያቄ ምልክቱ ጎን ለጠፍሁት።